እጅን ኪስ ከትቶ መጠበቅ

ያን ማክሰኞ ድብ ባሕር ላይ ስልሳ ገበሬ ስንዴውን በአህያ አውርዶ የማይመጣ ማኪና ሲጠብቅ ዋለ። አንዱ ማኪና በጠዋት መጥቶ ጭኖ ሄዷል። የሚጠበቀው ሁለተኛው ነበር። ሁለተኛ ማኪና ግን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬዎቹ ዩኒየን የጭነት ቀን ሲደርስ በየስልካቸው «ማኪናው ማክሰኞ ይመጣል፤ እህልዎን ያውርዱ» የሚል መልእክት ይልካል። በዚያ ሳምንት መልእክቱ ለሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ደረሰ። የድብ ባሕር ሰው ደግሞ ያለ ነገር አንድ ቃል አይደግምም። ሁለት ጊዜ ከተነገረ ሁለት ማኪና ነው ብሎ ከጎተራው እጥፍ አወረደ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጎንደር አራዳ ባለው የዩኒየኑ ቢሮ፣ ሥራ አስኪያጁ አብዮት ዓይናዲስን አስጠራት። ዓይናዲስ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም ከመጀመሪያ መስመሩ እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ናት።

«ያንቺ ኮምፒውተር ስልሳ ሰው ዝናብ ላይ ጣለ» አላት።

«የእኔ ኮምፒውተር አይደለም! እዚያ መጋዘን ያለው ሰውዬ ነው!»

«ጥሩ። ሂጂና ለገበሬዎቹ እንደሱ በያቸው።»

ወደ ድብ ባሕር የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ የቀረው አንድ ቦታ ከኋላ ነበር፤ የማኪና ባትሪ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ካስቀመጠ ሰው አጠገብ። ሰውየው ቀጭን፣ ጠይም፣ ዓይኑ የረጋ ነው። እሷ ስትቀመጥ ባትሪውን ወደ ራሱ ሰብሰብ አደረገላት። ከተማውን ሳይወጡ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ በአራተኛው ሰውየው ዞር አለ።

«ምነው እህቴ፣ ሰው አስቀይሞሻል?»

እንኳን ጠይቋት፣ ሳይጠይቃትም ልታወራ ነበር።

«ሦስት ኮምፒውተር አለን» አለች፣ በማታውቀው ሰው ፊት እጇን እያወራጨች። «አንዱ ድብ ባሕር፣ አንዱ ትክል ድንጋይ፣ አንዱ አራዳ። መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ባንዱ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ዋናው የድብ ባሕሩ ነው። ሌሎቹ ቁጭ ብለው በየጥቂት ሴኮንዱ ‹አለህ?› ይሉታል። ‹አለሁ› ይላቸዋል። መብራት ጠፍቶ ዝም ካለ፣ የትክል ድንጋዩ ማንም ሳያዘው ሥራውን ይረከባል። መብራት ሲመጣ ደግሞ የድብ ባሕሩ ሥራውን መልሶ ይወስዳል። በራሱ! ሰው የሚባል አያስፈልገውም!»

«ሸጋ ነገር ነው» አለ ሰውየው።

«ሸጋ ነበር! እዚያ መጋዘን አንድ ጅል ባይኖር! መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩን በባትሪ ያስነሳና ፕሮግራሙን በእጁ ያስጀምረዋል። ትክል ድንጋይ ተረክቦ እየላከ ነው፤ እሱም ይልካል። አንድ ሠርግ ላይ ሁለት አዝማሪ!»

ሰውየው ባትሪውን ቁልቁል ተመለከተ። መንገዱን ሙሉ እሷ አወራች፣ እሱ ሰማ። ዳባት ላይ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ዘገነላት። እየበላችም ስለ ጅሉ አወራች።

ድብ ባሕር ሲደርሱ አብሯት ወረደ። መጋዘኑ ድረስም አብሯት መጣ። በሩ ተቆልፏል።

«ይሄ ጅል ደግሞ የት ሄደ?»

ሰውየው ባትሪውን መሬት አስቀመጠና ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። «ጅሉ ባትሪ ሊገዛ ጎንደር ወርዶ ነበር» አለ በትሕትና። «ሙሉሰው እባላለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዓይናዲስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይህን የሚያህል እፍረት ግን ንዴቷን አላበረደላትም፤ እንዲያውም ባሰባት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለ ራሴ እንዲህ በደንብ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ገባች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ዞረችበት። «እሺ፣ ለምን ነው የምትነካው?»

ሙሉሰው ጥቂት አሰበ። «ዝም ሲል አላስችል ይለኛል። ያ ሁሉ ሰው ከሱ ወሬ ይጠብቃል። እጄን አጣጥፌ ልየው?»

«አዎ! አጣጥፈህ እየው! ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም። መስመር ተቋርጦበት ይሆናል፤ ሌላው ተረክቦለት ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም? መብራት ሲጠፋ እጅህን ኪስህ ክተት። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ይህን ጊዜ ገበሬዎቹ ተሰብስበው መጡ። ዓይናዲስ በመንገድ ያዘጋጀችውን ንግግር ልትጀምር አፏን ስትከፍት ሙሉሰው ቀደማት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው። «ማኪናው አንድ ነበር። እኔ ነኝ ሁለት ያስመሰልኩት። የራሰውን ስንዴ ዛሬ ሸራ ላይ አብረን እናሰጣለን።» ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸከመ።

ወቀሳውን ሁሉ ሳይወቀስ ወስዶባት ምን ትበለው? እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ስንዴ ስትበትን ዋለች፤ በአዲስ ጫማዋ።

ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ይደውልላት ጀመር። «ዓይናዲስ፣ ጠፋ። እጄን ኪሴ ከትቻለሁ» ይላታል። «ጎበዝ» ትለዋለች። የትክል ድንጋዩ እስኪረከብ ድረስ መስመሩ ላይ ይቆያሉ። መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ነበር። ክረምት ሲገባ ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ፕሮግራሙ ገና በአሥር ሴኮንድ ሥራውን ተረክቦ ሳለ። መብራት ያልጠፋ ሳምንት ይረዝምባት ጀመር። ለአገሩ መብራት መጥፋት የምትጸልይ ሴት ብትኖር ያን ዓመት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በኅዳር መደወሉን ተወ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። ብትደውል አይገኝም። በአሥረኛው ቀን ዓይናዲስ ቁጥሩን ከስልኳ ሰረዘችው፤ ዳግመኛ አልደውልም ያለችውን ለመጠበቅም አንድ ቀን ሙሉ እልህ ያዛት። በአሥራ አንደኛው አራዳ ቢሮዋ በር ላይ አቧራ የጠጣ ሰው ቆመ።

«ኔትወርክ ከሄደ አሥር ቀኑ ነው» አላት ሙሉሰው። «ይገባታል ብዬ ነበር።»

«ምኑ ነው የሚገባኝ! በቃ፣ ተወኝ ብዬ ነው የደመደምኩት!»

«ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

የገዛ ትምህርቷ ተመልሶ መጣባት። ቆማ አየችው። እሱም አያት። ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ያንቺን ድምፅ ሳልሰማ የዋልኩባቸው ቀናት አልዋሉልኝም» አላት። «ልነግርሽ ነው የመጣሁት። እወድሻለሁ።»

«አንተ ሰው» አለች ዓይኗ እንባ እያዘለ፣ «ለዚህ አሥራ አንድ ቀን ታስጠብቀኛለህ?»

ፍቅር እንዲህ አለቀለት ቢባል ታሪኩ አጭር በሆነ። አባት ግን አለ።

አቶ አዳሙ፣ የዓይናዲስ አባት፣ ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም ቤታቸውን እንደ መናኸሪያ ነው የሚያስተዳድሩት። ሁሉም ነገር ሰዓት አለው፤ አንድ ወንበር ለአንድ ሰው ነው። ሙሉሰው እናትና አባቱ በልጅነቱ እንደሞቱበት፣ መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ ሲሰሙ አልተቆጡም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«ልጁን አልጠላሁትም። ግን ሰው የለውም። ነገ ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ይደርስላችኋል? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ልጄ። የድሮ ባልደረባዬ ለልጁ ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተመለሱ ብያለሁ።»

«አባባ፣ እኔ ያንን ሰውዬ አላገባም!»

«በግድ አላልኩሽም። ያንቺው ሰው ካለው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ ይላክ፤ እሰማለሁ። ካልላከ ግን ለዚያ ልጅ ምርቃት ከእኔ አትጠብቂ። ሁለት ያጣ ጎመን እንዳትሆኚ።»

ይህ ነው የከበዳት። ሙሉሰውን ያለ አባቷ ምርቃት ማግባት ትችላለች፤ ሕግ አይከለክላትም፣ ዕድሜዋም አይከለክላትም። ልቧ ግን ይከለክላታል። አባቷን ትወዳለች፤ ሙሉሰውንም ትወዳለች። አንዱን ስትይዝ ሌላውን የምትጥልበት ቀን እንዳይመጣ ሌሊት ሌሊት ስለት ተሳለች።

ለሙሉሰው ስትነግረው በስልክ ሳቀ። «ሰውማ አለኝ። ያሳደጉኝ የአባቴ ወንድም አያ ማሩ አሉ። ቅዳሜ ከድብ ባሕር ይነሳሉ። አንቺ አታስቢ፣ ሁሉም ነገር በራሱ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ።»

«በራሱ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ መደንገጥ ነበረባት። ፍቅር ግን ያደነቁራል።

የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። በሁሉም አገር ጠፋ።

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እናቷ ወለተሩፋኤል ከፈቱ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አራት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ገብተው ግቢው መሐል ቆሙ። ዓይናዲስ እንደ ወጉ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ናት፤ በሽምግልና ቀን ልጅቷ አትታይም። አያ ማሩን ባታውቃቸውም በሙሉሰው ግንባር አወቀቻቸው።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ አዳሙ።

«ለጉዳይ ነው የመጣን፤ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ አያ ማሩ። «የልጃችን የሙሉሰው ጉዳይ ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ልጅዎን ዓይናዲስን እንዲሰጡን ነው። ድብ ባሕር ላይ ሸጋ የቆርቆሮ ቤት እየሠራላት ነው፤ እዚያው ይኖራሉ።»

አቶ አዳሙ ሰዓታቸውን አዩ። ቀኑ ሳያልፍ መጥተዋል። ፊታቸው ሊፈታ ሲል በሩ እንደገና ተንኳኳ።

ነጭ ጋቢ የለበሱ አምስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ፊት የቆሙት አጭር፣ ቀይ ሽማግሌ ቀድመው የገቡትን ሳያዩ፣ አየር ስበው ጀመሩ።

«ከትክል ድንጋይ ነው የመጣን። ወንዴ እባላለሁ። የልጃችን የሙሉሰው ጉዳይ ነው...»

«የማን?» አሉ አቶ አዳሙ።

«የሙሉሰው። እናቱ እህቴ ነበረች። ልጅዎን ዓይናዲስን ይስጡንና እዚሁ ጎንደር ቤት ተከራይተው...»

«ወንዴ!» አሉ አያ ማሩ። «ምነው አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ መጣህ?»

አያ ወንዴ ዞረው አዩና አፋቸው ተከፈተ። «ማሩ? አለህ እንዴ? ቅዳሜ ስትነሳ ትደውላለህ፣ ካልደወልክ እኔ እሄዳለሁ ተባብለን የለም?»

«ኔትወርክ የታለና ልደውል?»

«እኔ በምን ልወቅ? ዝም ስትል ታመመ፣ መንገድ ተዘጋበት ብዬ በሌሊት ተነሥቼ መጣሁ!»

መጋረጃው ጀርባ ዓይናዲስ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ገባት። ሁሉም ገባት። ያ ሰው ዓመት ሙሉ በስልክ ያስተማረችውን ወስዶ ሽማግሌ ላከበት። ዋናው ድብ ባሕር፣ መጠባበቂያው ትክል ድንጋይ፤ ዝም ካለ ተረከብ። ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም የሚለውን ግን፣ አንዷን ዋናዋን ነገር፣ ረስቷታል።

የአቶ አዳሙ ጆሮ ቀላ። ሠላሳ ዓመት በሥራቸው ያስመረራቸው አንድ ነገር ነበር፤ መጣባቸው። «ለአንድ ወንበር ሁለት ትኬት!» አሉ። «አንደኛው ድብ ባሕር ይወስዳታል፣ አንደኛው ጎንደር ያስቀራታል። ልጄን ለሁለት ልትከፍሏት ነው? በላካቸው ሽማግሌዎች ያላመነ ሰው ነገ በሚስቱ ያምናል? ሁላችሁም በሰላም ሂዱልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አነሱ። አያ ማሩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ስንት ሰዓት የመጡበት መንገድ ነው።

መጋረጃው ተገለጠ።

«ዓይናዲስ!» አሉ ወለተሩፋኤል፣ ጉንጫቸውን ይዘው።

«እማዬ፣ ተዪኝ። ሰለቸኝ!» አለች። ድፍረት አልነበረም፤ ምርር ያለው ሰው ወግ ትዝ አይለውም። «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲደርስ ነው ያደረገው። በሽማግሌዎቹ ስላላመነ አይደለም፣ እንዳያጣኝ ፈርቶ ነው። አንተስ የደባርቅ አውቶቡስ ቆሞ ቀረ ሲሉህ መጠባበቂያ አትልክም ነበር?»

«እልክ ነበር።»

«ሁለቱም የደረሱበት ቀን አልነበረም?»

አቶ አዳሙ ሰዓታቸውን ነካኩ። ነበር። አንድ የጥምቀት ሰሞን ሁለት አውቶቡስ ለአርባ ሰው ልከው የአንድ ወር ደመወዝ ሊቀጡ ነበር።

ዓይናዲስ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እናንተም አባቶቼ፣ የት እንደምንኖር ከየት አመጣችሁት? እኛ ራሳችን ገና አልተነጋገርንበትም!»

«ድብ ባሕር ሸጋ ነው ብዬ ነው» አሉ አያ ማሩ በቀስታ።

«ጎንደር ይሻላታል ብዬ ነው» አሉ አያ ወንዴ በበለጠ ቀስታ።

ከአንዱ ጋቢ ውስጥ ሳቅ አመለጠ። አቶ አዳሙ አልሳቁም። በልማዳቸው፣ ተሳፋሪ እንደሚቆጥሩት፣ በጣታቸው ሽማግሌዎቹን ቆጠሩ። አራትና አምስት። ከሁለት መንገድ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ጥሪ፣ ቀኑን ሳያሳልፉ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ሰው የለውም ብዬ ነበር» አሉ ለራሳቸው።

ያን ጊዜ በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተንኳኳ።

ወለተሩፋኤል ከፈቱና ወደ ኋላ ተመለሱ። በሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሟል። በጭነት ማኪና ላይ ተንጠልጥሎ እንደመጣ ልብሱ ይመሰክራል፤ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ነው። አማች የሚሆን ሰው በራሱ ሽምግልና ላይ ሲመጣ በጎንደር ምድር ታይቶ አይታወቅም። ዘጠኙም ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ይሄ ደግሞ የማን ሽማግሌ ነው?» አሉ አቶ አዳሙ።

ዓይናዲስ በሩ ድረስ ሄደች። ከዓመት በፊት መጋዘኑ በር ላይ እንደቆመችው ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ጥርሷን ነክሳ።

«ምን ሆነህ መጣህ?»

ሙሉሰው በትከሻዋ በኩል ግቢውን አየ። አያ ማሩን አየ። አያ ወንዴን አየ። ምን እንደሠራ ሲገባው ዓይኑ እየሰፋ ሄደ። «ሁለቱም?» አለ።

«ሁለቱም! አንተ ሦስተኛ! ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም! ኔትወርክ ነው የጠፋው!»

«አውቃለሁ» አለ። «ማወቁንስ አውቃለሁ። ቅዳሜ አመሸሁ፣ ዛሬም ነጋ፤ ከናንተ ቤት ምንም ወሬ የለም። ምናልባት ማንም ሳይደርስላት ቀኑ ሊያልፍ ነው ብዬ...»

«እጅህን ኪስህ ክተት አላልኩህም?»

ሙሉሰው ሁለት እጁን አየ፤ የማኪናው ብረት አጥቁሯቸዋል።

«ከትቼ ነበር» አላት። «ዳባት ላይ ወጣ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የመጣው ግን ሳቅ ነበር፣ ከእንባ ጋር፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

አቶ አዳሙ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወለተሩፋኤል» አሉ፣ መናኸሪያ ላይ ያሰሙት በነበረው ድምፅ፣ «ከጎረቤት ወንበር አስመጪ። ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ።»

አያ ማሩ ዱላቸውን ጨበጡ። «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለናል እኮ።»

«ተቀመጡ አልኳችሁ እኮ» አሉ አቶ አዳሙ።

ዘጠኙ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ አያ ማሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ አያ ወንዴም አጠገባቸው። የቀሩት አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ዓይናዲስ በሩን ተደግፋ የእያንዳንዱን ወንበር ድምፅ ሰማች።

አቶ አዳሙ በሩ ላይ የቆመውን ወጣት ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት።

«ለሱም ወንበር ስጡት» አሉ። «አንድ ብቻ።»